«እሱ ይምጣ»፦ በጾመ ነቢያት ስለ ዕርቅ የምንማረው



ባለፈው ዓመት በጾመ ነቢያት ሰሞን ሁለት የ7ኛ ክፍል ልጆች ተጣልተው አንድ ዴስክ ላይ አንቀመጥም አሉ። ለየብቻ ጠርቼ «ለምን አትታረቁም?» ብዬ ጠየቅኋቸው። አንደኛው «እሱ ነው የበደለኝ፤ እሱ ይምጣ» አለ። ሌላውም «የተቀየመው እሱ ነው፤ ከፈለገ እሱ ይምጣ» አለ። ልቆጣ ስል አፈርኩ። እኔ ራሴ ከአንዲት ጎረቤቴ ጋር ከመስቀል ወዲህ ሰላምታ አቋርጬ «እሷ ትምጣ» እያልኩ ነበርና።

ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ቀን ገብቶ በገና ዋዜማ ይፈጸማል። ነቢያት የክርስቶስን መምጣት የተጠባበቁበትን ዘመን ያሳስበናል። ከታኅሣሥ 7 ጀምሮ የሚውሉት ሦስት እሑዶችም ስብከት፣ ብርሃንና ኖላዊ ይባላሉ። እዚህ ናይሮቢ ያሉ የካቶሊክና የአንግሊካን ጓደኞቻችሁ ደግሞ ከዲሴምበር 25 በፊት ያሉትን አራት እሑዶች አድቬንት ብለው ያከብራሉ። ቀኑ ቢለያይም ሁላችንም የምንጠብቀው ኢሳይያስ አስቀድሞ የተናገረለትን የሰላም አለቃ ነው።

ማን ይቅደም?

በማቴዎስ 5፥23-24 ጌታችን እንዳስተማረው፣ መባ ይዞ የመጣ ሰው ወንድሙ እንዳዘነበት ትዝ ካለው መባውን እዚያው ትቶ አስቀድሞ ሄዶ መታረቅ አለበት። እዚህ ላይ የሚሄደው በዳዩ ነው። በማቴዎስ 18፥15 ግን የተበደለው ሰው ራሱ ሄዶ ወንድሙን ለብቻው እንዲያነጋግረው ታዝዟል። እንግዲህ ማን ይቅደም? ሁለቱም ታዝዘዋል። ሁለቱም ቢታዘዙ መንገድ ላይ ይገናኛሉ።

ያዕቆብና ኤሳው

ያዕቆብ የወንድሙን በረከት በማታለል ወስዶ ሸሸ። ከ20 ዓመት በኋላ ሲመለስ ኤሳው 400 ሰዎች አስከትሎ እየመጣ መሆኑን ሰማና እጅግ ፈራ። ሆኖም ወደ ኋላ አልተመለሰም። እጅ መንሻ አስቀድሞ ላከ፤ እያነከሰ ቀርቦም ሰባት ጊዜ ሰገደ። የተበደለው ኤሳው ደግሞ ሮጦ አቀፈው፤ ተላቀሱም (ዘፍ. 32-33)። በዳዩ እያነከሰ፣ ተበዳዩ እየሮጠ መጡ።

ከዚያ በኋላ ግን አንድ ላይ አልኖሩም፤ ኤሳው ወደ ሴይር፣ ያዕቆብ ወደ ሱኮት ሄዱ። ዕርቅ ማለት የግድ እንደ ድሮው አብሮ መኖር አይደለም። የሚመታችሁ ወይም የሚያስፈራራችሁ ሰው ካለ ለወላጅ ወይም ለመምህር ንገሩ፤ ቂምን መተው ራስን ለጉዳት አሳልፎ መስጠት አይደለም። ያም ሆኖ አባታቸው ይስሐቅ ሲሞት ሁለቱም አብረው ቀበሩት (ዘፍ. 35፥29)። ለቅሶ ላይ ጎን ለጎን መቆም መቻል ቀላል ነገር አይደለም።

በእኛም ዘንድ

በአገራችን ልማድ በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ይቀርባል፤ ተበዳይም በሽማግሌዎች ፊት «ይቅር ለእግዚአብሔር» ይለዋል። ድንጋዩ የሚወርደው ሁለቱም ድርሻቸውን ሲወጡ ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ በሁለት ሲኖዶስ ተከፍላ ኖራ በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ዕርቅ ሲወርድ፣ ከአዲስ አበባ አባቶች ወደ ዋሽንግተን ተጉዘዋል፤ ብፁዕ አቡነ መርቆሬዎስም ከስደት ወደ አገራቸው ተመልሰዋል።

የገና ምሥጢርም ከዚህ የራቀ አይደለም። የበደልነው እኛ ሆነን ሳለ፣ የተበደለው አምላክ «እነሱ ይምጡ» ብሎ አልቀረም፤ ራሱ መጣ።

በዚያው ሳምንት የጎረቤቴን በር አንኳኳሁ። ቡና እያፈላች ነበር። ትንሽ አየችኝና «ግቢ» አለችኝ። ስለ ጥሉ ያወራነው ከሦስተኛው ስኒ በኋላ ነው። ሁለቱ ልጆች ዛሬም የልብ ጓደኞች አይደሉም፤ ኳስ ግን ይቀባበላሉ።

ለውይይት

1. «እሱ ይምጣ» ያላችሁት ሰው አለ? ምን ያህል ጊዜ ሆነው?
2. ከያዕቆብና ከኤሳው የማንኛው እርምጃ ይከብዳል? ለምን?
3. ከገና በፊት የማንን በር ታንኳኳላችሁ?