ለ5 ዓመት ልጅ የትኛው የጁዶ ቤት?

ጥያቄ፦ በኢየሩሳሌም፣ በኢትዮጵያ ጎዳና ካለው የደብረ ገነት ቤተ ክርስቲያን አቅራቢያ እንኖራለን። የ5 ዓመት ልጄ ካራቴ ወይም ጁዶ መማር አምሮታል። በምን ልምረጥ?

መልስ፦ ከስፖርቱ ስም ይልቅ አሠልጣኙን ይዩ። የእስራኤል የ1988 የስፖርት ሕግ አሠልጣኝ የምስክር ወረቀት እንዲኖረው ያስገድዳል፤ አሳዩኝ ይበሉ። ከዚያ አንድ ክፍለ ጊዜ ቁጭ ብለው ይከታተሉ፤ ልጆቹ ይንቀሳቀሳሉ ወይስ ተራ ሲጠብቁ ይውላሉ? ያጠፋ ልጅ ይታረማል ወይስ ይሰደባል?

በዚህ ዕድሜ ጁዶ ጥሩ ጅማሬ ነው፤ መጀመሪያ የሚያስተምረው ሳይጎዱ መውደቅን ነው። ለሕፃን ማነቅና ክንድ መጠምዘዝ የሚያስተምር ቤት ግን ይቅርብዎ። የዓመቱን ክፍያ ከመፈረምዎ በፊት ልጁ አንድ ቀን ገብቶ ይሞክረው።