ሥራ ሳይለቁ በአሽዶድ መማር፦ የኮርስ ሰሌዳ አሠራር

በወደቡ ወይም በፋብሪካ በፈረቃ እየሠራ መማር ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው “ማታ ማታ የሚሰጥ ትምህርት አለ ወይ?” ብሎ ነው። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ ተራው ግን በኋላ ነው። ሰሌዳ የሚሠራው ከፈተናው ቀን ተነሥቶ ወደ ኋላ ነው።

ለዚያ ግን በቅድሚያ የሚማሩበትን ቦታ ይለዩ። ሳሚ ሻሙን የምሕንድስና ኮሌጅ በቤር ሼባም በአሽዶድም ካምፓስ አለው። ምሕንድስና አራት ዓመት ነው፤ ኮርሶቹም እርስ በርስ የተያያዙ ናቸው። ሰዉ ፕቱኻ የሚለው ክፍት ዩኒቨርሲቲ ግን ለመጀመሪያ ዲግሪ ባግሩትም (የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና) ፕሲኮሜትሪም (የመግቢያ ፈተና) አይጠይቅም። ክፍያው በኮርስ ነው፤ በዓመት ሦስት ሴሜስተር ስላለው አንድ ኮርስ ብቻ ይዞ መጀመር ይቻላል። ፈረቃው በየሳምንቱ ለሚቀያየርበት ሰው ይህን እመርጣለሁ። ከኋላ የሚገፋ ለሚፈልግ ግን አይሆንም፤ ማማን የሚባለውን የቤት ሥራ ቀኑ ሲያልፍ የሚያስታውስዎ የለም።

ቀጥሎ ወረቀት ላይ የትኛው ኮርስ ከየትኛው በፊት እንደሚመጣ በቀስት ይሳሉ። ኼድቫ 1ን (ካልኩለስ) ያላለፈ ኼድቫ 2ን አይወስድም፤ ኼድቫ 1 በዓመት አንዴ ብቻ የሚሰጥ ከሆነ ደግሞ አንድ ውድቀት ዓመት ያስበላል። እንግሊዝኛም በዚሁ ሥዕል ይግባ። በእንግሊዝኛ ደረጃ መለኪያ ፈተናዎቹ በአሚራም ወይም በአሚርኔት 134 ያመጣ ነፃ ይሆናል፤ ያላመጣ እንደ ደረጃው የእንግሊዝኛ ኮርስ ይወስዳል። ብዙ ሰው ይህን ለመጨረሻ ያቆየውና ዲግሪው በእንግሊዝኛ ይታገትበታል። በመጀመሪያው ዓመት ይጨርሱት።

አሁን ሰዓት ይቁጠሩ። በተለመደው የሦስት ዓመት ዲግሪ 120 የትምህርት ነጥብ (ክሬዲት) አለ፤ በሴሜስተር 20 መሆኑ ነው። 12 ብቻ የሚወስድ አምስት ዓመት ይፈጅበታል። ሙሉ ቀን ለሚሠራ የቤተሰብ ኃላፊ 12ም አያንስም።

ከመመዝገብዎ በፊት የእያንዳንዱን ኮርስ ሞኤድ አሌፍና ሞኤድ ቤት (የመጀመሪያና የሁለተኛ ዙር የፈተና ቀን) ጎን ለጎን ይጻፉ። ሁለት ከባድ ፈተናዎች በተከታታይ ቀን ከወደቁ አንዱን ኮርስ ለሌላ ጊዜ ያቆዩት። ሞኤድ ቤትን እንደ ትርፍ አይቁጠሩት፤ ታመው ወይም ለሚሉዊም (ለተጠባባቂ ጦር አገልግሎት) ተጠርተው አሌፍ ቢያመልጥዎ ያለዎት እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የተማሪ መብት ሕግ ለሚሉዊምና ለወሊድ የተለየ ማመቻቻ እንዲደረግ ያዛል፤ ስለዚህ የጥሪውን ወረቀት ወይም የሐኪሙን ማስረጃ ይዘው ወደ ተማሪዎች ዲካናት (የተማሪዎች ዲን ጽሕፈት ቤት) ይሂዱ፣ ፈተናው ካለፈ በኋላ ሳይሆን አስቀድመው።

የኛን የቤተ እስራኤልን በዓልም አይርሱ። ስግድ ሔሽዋን 29 ላይ ስለሚውል ብዙውን ጊዜ የሚያርፈው በመጀመሪያው ሴሜስተር መግቢያ፣ ሁሉ ነገር ገና በሚጀመርበት ሳምንት ነው። ክኔሴት እ.ኤ.አ. በ2008 ብሔራዊ በዓል አድርጎታል፤ ቢሆንም ላቦራቶሪ ያለብዎት ቀን ከሆነ መምህሩን ቀድመው ያነጋግሩ፣ ወደ ኢየሩሳሌም የሚሄዱ ከሆነ በተለይ።

ቀጥሎ የሚመጣው የሥራ ቦታዎ ነው። ሰሌዳውን ለፈረቃ ኃላፊዎ ምዝገባው ሳይዘጋ ያሳዩ። “ማክሰኞና ሐሙስ ከ17:00 በኋላ አልችልም፤ በምትኩ ዓርብ ጠዋት እገባለሁ” ማለት “እየተማርኩ ነው” ከማለት ይሻላል፤ ኃላፊው የሚቀይረው ነገር ያገኛልና። የፈተና ሳምንታቱንም በዚያው ወረቀት ላይ ያክብቡ፤ ፈቃድ የሚፈልጉት ያኔ ነው።

የምዝገባው ዕለት ለእያንዳንዱ ኮርስ አንድ ተለዋጭ ቡድን ቁጥሩን ጽፈው ይያዙ። የማታ ቡድኖች ቶሎ ይሞላሉ። ቦታ ካጡ ደግሞ በኮርስ መቀያየሪያው ጊዜ ስለሚለቀቅ ያንን ቀን በስልክዎ ላይ ያስቀምጡ።