ውኃው ጠርቶ ሳለ ዓሣዎቹ ስለ ምን ይሞታሉ?

በቤታቸው በመስታወት ገንዳ ውስጥ ትንንሽ የሞቃት አገር ዓሣዎች የሚያሳድጉ ጓደኞቻችን ከሁሉ አብልጠው የሚያሰሙት አቤቱታ ይህ ነው፤ «ገንዳው አዲስ ነው፤ ውኃውም እንደ ምንጭ ውኃ የጠራ ነው፤ ዓሣዎቹ ግን በሦስተኛው ሳምንት አንድ በአንድ አለቁ።» ከዚህ ሌላ ዓሣው አፉን ከውኃው በላይ አውጥቶ መተንፈሱ፥ ገላው ላይ እንደ ጨው ያለ ነጭ ነጥብ መታየቱ፥ ውኃው እንደ አጓት መደፍረሱ፥ እናቲቱ ልጆቿን መብላቷ፥ እነዚህ ሁሉ ያሳስባሉ። ሥጋቱ ብዙ ቢሆንም መነሻው ጥቂት ነው። ሰው የሚያየው ዓሣውን ነው፤ መጠበቅ ያለበት ግን ውኃውን ነው፤ በውኃው ውስጥ የሚገድለው ነገር ደግሞ በዓይን አይታይም።

እንግዲህ ከውኃው እንጀምር። ዓሣ ከሰውነቱ የሚያስወግደው ናይትሮጅን በአብዛኛው አሞኒያ ሆኖ በስንጥቡ በኩል ይወጣል። የተረፈው ምግብና ኩሱም ሲበሰብሱ አሞኒያ ይሆናሉ። በወንዝ ወይም በሐይቅ ቢሆን ብዙው ውኃ ያቀጥነዋል፤ ርዝመቱ 60፥ ወርዱ 30፥ ቁመቱ 30 ሳንቲ ሜትር በሆነ ገንዳ ውስጥ ግን ያለው ውኃ ቢሞላ 54 ሊትር ብቻ ስለሆነ አሞኒያው የሚሄድበት የለውም። ቀለም የለውም፤ ዓሣን በሚጎዳበት መጠንም ለአፍንጫችን አይሸትም። ስለዚህ የጠራ ውኃ ሁሉ ንጹሕ ውኃ አይደለም።

ይህን መርዝ የሚያስወግዱልን በዓይን የማይታዩ ሕያዋን ናቸው። አንደኛው ወገን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል፤ ሁለተኛው ወገን ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል። ናይትራይት ራሱ መርዝ ነው፤ ናይትሬት ግን እጅግ ካልበዛ ዓሣውን አይጎዳም፤ ውኃ በተቀየረ ቁጥርም ይቀንሳል። ሩሲያዊው ሊቅ ሰርጌይ ዊኖግራድስኪ በ1890 እ.ኤ.አ. ገደማ ዙሪክ ሳለ ይህን ሥራ የሚሠሩትን ባክቴሪያዎች ከአፈር ለይቶ ገለጣቸው። የመማሪያ መጻሕፍት ሁለተኛውን ሥራ የሚሠራው ናይትሮባክተር ነው እያሉ ብዙ ዘመን አስተማሩ። በ1998 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ግን በዓሣ ገንዳዎች ውስጥ ሥራውን የሚሠሩት የናይትሮስፒራ ወገን የሆኑ ባክቴሪያዎች እንደሆኑ አሳየ። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የመጀመሪያውን ሥራ በብዙ ገንዳዎች ውስጥ አብልጠው የሚሠሩት አርኬያ የሚባሉት እንደሆኑ አመለከተ። ከአንድ ትንሽ ገንዳ ይህን ያህል አዲስ ነገር መገኘቱ ለእኛ ለተማሪዎች ደስ የሚያሰኝ ነው።

ዋናው ነገር እነዚህ ሕያዋን በውኃው ውስጥ የሚንሳፈፉ ሳይሆኑ በጠጠሩና በማጣሪያው ስፖንጅ ላይ ተጣብቀው የሚኖሩ መሆናቸው ነው። የሚራቡትም በዝግታ ነው። በአዲስ ገንዳ ውስጥ በቂ ሆነው እስኪገኙ ድረስ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ያህል ይወስዳሉ፤ ውኃው ከቀዘቀዘ ከዚያም ይበልጣል። በዚህ ጊዜ ውስጥ መጀመሪያ አሞኒያው ይከማቻል፤ እርሱ መቀነስ ሲጀምር ደግሞ ናይትራይቱ ይነሣል። የሦስተኛው ሳምንት ሞት ምስጢሩ ይኸው ነው። ገንዳ በገዛ ዕለት ዐሥራ አምስት ዓሣ ገዝቶ የሚጨምር ሰው ገንዘቡንም ዓሣዎቹንም ያጣል፤ በሁለት ወይም በሦስት ዜብራ ዳኒዮ ጀምሮ በየሁለት ቀኑ ሩብ ውኃ የሚቀይር ግን ብዙ ጊዜ ያሻግራቸዋል። የአሞኒያና የናይትራይት መመርመሪያ ፈሳሽ ከተገኘ በምግቡ ላይ ከሚወጣው ገንዘብ ቀንሶ እርሱን መግዛት ይሻላል። አሞኒያው የሚጎዳውም በመጠኑ ብቻ አይደለም፤ በ25 ዲግሪ ሙቀት የውኃው ፒ ኤች 7 ሲሆን ከአሞኒያው ውስጥ መርዛማው ክፍል ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም፤ ፒ ኤች 8 ሲሆን ግን ከመቶ አምስት እጅ ያህል ይደርሳል።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውኃው አጓት ቢመስል የሚያስደነግጥ ነገር አይደለም። ይህ ሌላ ዓይነት ባክቴሪያ ለጊዜው መብዛቱ ነው፤ ምግብ ሲቀነስለት በቀናት ውስጥ ይጠራል። ጉዳቱ የሚመጣው ባለቤቱ ደንግጦ ውኃውን በሙሉ ሲደፋ፥ ጠጠሩን ሲያጥብ፥ ይባስ ብሎ ስፖንጁን በሳሙና ሲያሽ ነው። ያን ጊዜ ገና መራባት የጀመሩትን ጠራጊዎች ጨርሶ አስወግዶ ከአንድ ይጀምራል። «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ተረት እስኪሰለቸን ድረስ ሰምተነዋል፤ ለገንዳ ግን ከዚህ የተሻለ ምክር አላገኘንም። ስፖንጁ መታጠብ ካለበት ከገንዳው በተቀዳ ውኃ እንጂ በቀጥታ ከቧንቧ በሚወርድ ውኃ መሆን የለበትም፤ የቧንቧው ክሎሪን የተሠራው ባክቴሪያ ሊገድል ነውና። ለዓሣውም ስንጥብ ጠንቅ ነው። ክሎሪኑ በአፈ ሰፊ ባልዲ አንድ ቀን ሲያድር በአብዛኛው ተንኖ ይጠፋል። ክሎራሚን የሚባለው ግን በማደር አይለቅም፤ ለእርሱ የገንዳ ውኃ ማከሚያ ያስፈልጋል። ለክሎሪን ብቻ ከሆነ ፎቶግራፍ አጣቢዎች ሃይፖ የሚሉት ሶዲየም ታዮሰልፌትም ይበቃል።

አሁን ወደ መተንፈሱ እንምጣ። ዓሣዎቹ ሁሉ ከውኃው ገጽ ተሰብስበው አፋቸውን ከከፈቱ አንድም አየር አንሷቸዋል፤ አንድም ስንጥባቸው በአሞኒያ ተቃጥሏል፤ አንድም ደማቸው ተመርዟል። ናይትራይት ከደሙ ሄሞግሎቢን ጋር ሲገናኝ ኦክስጅን መሸከም ወደማይችል መልክ ይለውጠዋል፤ ደሙም ቡናማ ይሆናል። ስለዚህ ዓሣው አየር በሞላበት ውኃ ውስጥ ይታፈናል። ለዚህ ፈጣኑ እርዳታ ግማሹን ውኃ መቀየርና በአንድ ሊትር አንድ ግራም ያህል የወጥ ጨው በጥብጦ ቀስ እያሉ መጨመር ነው፤ የጨው ክሎራይድ ናይትራይቱ በስንጥቡ በኩል እንዳይገባ ይሻማዋል።

የአየር ማነስ ግን በተለይ የእኛ ጉዳይ ነው። ከውጭ አገር የሚመጡት የዓሣ መጻሕፍት በአብዛኛው የተጻፉት በቆላማ አገር ላለ ሰው ነው። በባሕር ጠረፍ 25 ዲግሪ የሞቀ ውኃ በአንድ ሊትር 8.2 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለሆነች የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ያው ውኃ እዚህ የሚይዘው 6.2 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። ስለዚህ መጽሐፉ ሃያ ዓሣ ይችላል ያለውን ገንዳ እኛ በዐሥራ አራት ወይም በዐሥራ አምስት ብንወስነው ይሻላል። ገንዳ ሲገዛም ረጅምና ጠባብ ከሆነው ይልቅ አፉ ሰፊ የሆነው ይመረጥ፤ አየር የሚገባው በውኃው ገጽ ነውና። መብራት ሲጠፋ ፓምፑም ይቆማል። ያን ጊዜ ውኃውን በኩባያ እየቀዱ ከከፍታ መልሶ ማፍሰስ ትልቅ እርዳታ ነው። መብራቱ ለብዙ ሰዓት ጠፍቶ ከቆየ ደግሞ የተዘጋ ማጣሪያ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ታፍነው ስለሚሞቱ፥ ማጣሪያው እንደገና ሳይነሣ በፊት ውስጡ ያለውን ውኃ መድፋት ያስፈልጋል።

ብርዱም እንዲሁ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት የከተማችን ሙቀት ብዙ ጊዜ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ቤት ውስጥ ያን ያህል ባይበርድም፥ ከ22 እስከ 28 ዲግሪ ለሚስማማው ጋፒ ያለ ማሞቂያ ማደር ከባድ ነው። ማሞቂያ ለመግዛት አቅም ያነሰው ሰው ቀዝቀዝ ያለ ውኃ የሚችለውን ዜብራ ዳኒዮ ቢመርጥ እንመክራለን።

ከብርድ በኋላ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ነጭ ነጥብ ነው። ጠንቁ ኢክቲዮፍቲሪየስ የሚባል ባለ አንድ ሕዋስ ተውሳክ ነው። ነጥቡ ራሱ ተውሳኩ ከዓሣው ቆዳ ሥር ሆኖ ሲመገብ የሚታየው ነው፤ በዚያ ሳለ መድኃኒት አይደርስበትም። ከጠገበ በኋላ ከዓሣው ወርዶ በጠጠሩ ላይ ይጣበቅና በመቶ የሚቆጠሩ ልጆች ይሆናል፤ ልጆቹም እየዋኙ ሌላ ዓሣ ይፈልጋሉ። መድኃኒት የሚገድላቸው በዚህ ፍለጋ ላይ ሳሉ ብቻ ነው። ስለዚህ ነጥቡ በሦስተኛው ቀን ጠፋ ብሎ መድኃኒቱን የሚያቋርጥ ሰው በሳምንቱ በሽታውን በእጥፍ ያገኘዋል። የውኃውን ሙቀት በቀን አንድ ወይም ሁለት ዲግሪ እየጨመሩ 28 ወይም 30 ማድረስ የተውሳኩን ዑደት ያፋጥንና መድኃኒቱ ቶሎ እንዲያገኘው ያደርጋል። ነገር ግን ውኃ በሞቀ ቁጥር የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ ከፍታችንም ተጨምሮበት ዓሣው ከበሽታው ድኖ በመታፈን እንዳይሞት በሕክምናው ጊዜ አየሩን መጨመር ግድ ነው። ከሁሉ የሚሻለው አዲስ የተገዛ ዓሣ ወደ ገንዳው ሳይገባ ለብቻው ሦስት ሳምንት ያህል እንዲቆይ ማድረግ ነው።

ስለ ምግብ ብዙ አንናገርም። በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ፥ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ተበልቶ የሚያልቀውን ያህል ብቻ ይሰጥ። ጉርሻ ማብዛት የፍቅር ምልክት ሆኖብን እጃችን ይሳሳታል፤ ዓሣው ያልጎረሰው ሁሉ ግን አሞኒያ ነው። ለበዓል ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰውም አይጨነቅ፤ ጤናማ የሆነ ትልቅ ዓሣ ሳምንት ያህል ሳይበላ ይቆያል። ከረኀቡ ይልቅ «አደራ አብላልኝ» የተባለው የሰፈር ልጅ ቆርቆሮውን በሙሉ እንዳይገለብጠው ያስፈራል።

የጋፒ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። እንስቲቱ በወር አንድ ጊዜ ያህል ልጆቿን በሕይወት ትወልዳለች፤ ከተባዕት ተለይታም የወንዱን ዘር በሰውነቷ አስቀምጣ ለወራት መውለድ ትችላለች። ስለዚህ ብቻዋን የተገዛች ዓሣ ብትወልድ ተአምር አይደለም። ልጆቿንም የምትበላው ክፉ እናት ሆና ሳይሆን የሚንቀሳቀስ ትንሽ ነገር ሁሉ ለእርሷ ምግብ ስለሆነ ነው። ጥቅጥቅ ያለ የውኃ ተክል ካለ ጥቂቶቹ ተሸሽገው ያድጋሉ። ለሃምሳ ሊትር ገንዳ እነዚያም ይበዛሉ።

የተረፉትን ወደ ወንዝ መጣል ተገቢ አይደለም፤ ጋፒ በሰው እጅ ከአገሩ ከደቡብ አሜሪካ ሰሜናዊ ክፍል ወጥቶ በብዙ ሞቃት አገሮች ውኃ ውስጥ ተራብቷል፤ ከገባበትም ማውጣት አይቻልም። ገንዳ ሊጀምር ላሰበ ጓደኛ መስጠት ይሻላል። ሲሰጥም ዓሣዎቹ ብቻ ሳይሆኑ ከቆየው ማጣሪያ ግማሹን ስፖንጅ ቆርጦ እርጥብ እንደሆነ በላስቲክ ከገንዳው ውኃ ጋር መላክ ነው። በዚያ ስፖንጅ ላይ ያሉት ሕያዋን በዚያው ቀን ሥራ ስለሚጀምሩ፥ ዓሣዎቹ ጥቂት ከሆኑ ጓደኛችን ያን የሦስተኛ ሳምንት ሞት ሳያይ ሊያልፍ ይችላል።