ጨው ውኃና ጣፋጭ ውኃ

የሥነ ሕይወት መምህራችን አንድ ቀን ሁለት ብርጭቆ ይዘው ወደ ክፍላችን ገቡ። በአንደኛው ተራ የጉድጓድ ውኃ፥ በሁለተኛው ብዙ ጨው የሟሟበት ውኃ ነበረ። ከጥሬ ድንች የተቆረጡ ቀጫጭን ቁራጮች በሁለቱም ጨመሩና ትምህርቱን ቀጠሉ። ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ ሲል አውጥተው አሳዩን። ከጉድጓድ ውኃው የወጣው ድንች ጠንክሮ ሲያጥፉት ቀጭ ብሎ ተሰበረ፤ ከጨው ውኃው የወጣው ግን እንደ ራሰ ጠፍር ተልፈስፍሶ ጣት ላይ ተጠመጠመ። ምክንያቱን ሲጠይቁን ብዙዎቻችን «ጨው አበሰለው» አልን። እኔም ከነዚያ አንዱ ነበርሁ።

ነገሩ ሌላ ነው። ውኃ በስስ ሽፋን ውስጥ ሲያልፍ ጨው ካነሰበት ወደ በዛበት ይሄዳል፤ ይህንንም ኦስሞሲስ ይሉታል። ከጨው ውኃው የገባው ድንች በውስጡ የነበረውን ውኃ ተነጥቆ ነው የላላው። ይህን ትንሽ ነገር የያዘ ሰው በባሕርና በወንዝ መካከል ያለውን ልዩነት ግማሹን አወቀ ማለት ይቻላል።

ጣፋጭ ውኃ ስል ስኳር የገባበት ማለቴ አይደለም፤ ምላስ ጨው የማይሰማበትን የወንዝ፥ የምንጭና የጉድጓድ ውኃ ማለቴ ነው። ሊቃውንት ልክ ሲያበጁለት በአንድ ሊትር ከ1 ግራም ያነሰ ጨው ያለበትን ጣፋጭ ይሉታል። የውቅያኖስ ውኃ በአንድ ሊትር 35 ግራም ያህል ይይዛል። ቀይ ባሕር ደግሞ ፀሐይ ስለሚበረታበትና ዓመቱን ሙሉ የሚፈስስ ወንዝ ስለማይገባበት ወደ 40 ይጠጋል።

ከተማችን ነገሌ በገናሌና በዳዋ ወንዞች መካከል ያለች ናት። ሁለቱ ወንዞች ዶሎ ላይ ተገናኝተው ጁባ ይባሉና ሶማልያን አቋርጠው በኪስማዮ አጠገብ ከሕንድ ውቅያኖስ ይገባሉ። ወንዝ ጣፋጭ ነው ሲባል ግን ጨው ፈጽሞ የለበትም ማለት አይደለም። ከዐለቱና ከአፈሩ ጥቂት ጥቂቱን እያሟሟ ይወስዳል፤ ነገር ግን ስለማይቆም አይጠራቀምበትም። የሚጠራቀመው በመጨረሻው ማረፊያ ነው። ወንዞች በብዙ ሚሊዮን ዓመታት የተሸከሙትን በባሕር ያራግፋሉ፤ ፀሐይ ውኃውን ብቻ ወደ ሰማይ ስታነሣው ጨው እዚያው ይቀራል።

እንግዲህ መውጫ የሌለው ሐይቅ ሁሉ እንደ ትንሽ ባሕር ነው። የአባያ ሐይቅ ሲሞላ ወደ ጫሞ ይፈስሳል፤ ጫሞም ሲተርፈው በሰገን ወንዝ በኩል ወደ ጨው ባሕር ይወርዳል። በጫሞ አምባዛና ቆሮሶ ይጠመዳል፤ አዞውም ብዙ ነው። ከዚያ ወዲያ ግን ውኃው መሄጃ የለውምና ጨው ባሕር ስሙ እንደሚለው ሆኖ ቀርቷል፤ አብዛኛውን ጊዜም ነጭ የጨው ሜዳ ነው። (ካውንት ቴሌኪ የተባለው አውሮፓዊ መንገደኛ በ1888 እ.ኤ.አ. ደርሶበት በልዕልቲቱ ስም «ስቴፋኒ» አለው። የአገሬው ስም ግን ነገሩን ያስረዳል፤ የርሱ አያስረዳም።) የዝዋይና የአብያታ ነገርም እንዲሁ ነው። ዝዋይ በቡልቡላ ወንዝ በኩል ጨውን ወደ አብያታ እያስተላለፈ ራሱ ጣፋጭ ሆኖ ይኖራል።

ከሁሉ የሚያስደንቀው በአገራችን በቦረና ያለው ኤል ሶድ ነው። ከዱብሉክ ወደ መጋ በሚወስደው መንገድ በምሥራቅ በኩል፥ እሳተ ገሞራ በቆፈረው ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ጥቁር ሐይቅ ተኝቷል። የሚገባበት እንጂ የሚወጣበት የለውም። ጨው አውጪዎቹ ጆሯቸውንና አፍንጫቸውን ደፍነው ይገቡና በረጅም እንጨት ከሥሩ እየፈነቀሉ ጭቃ የመሰለውን ጥቁር ጨው ያወጣሉ። አህዮች ያንን ሸክም ይዘው ቀጥ ያለውን ዳገት ይወጣሉ። ጥቁሩ ለከብት፥ ነጩ ለሰው ይሆናል። በዚያ ውኃ ዐሣ አይኖርም።

ዐሣ ስል የድንቹን ነገር አስታውሱ። የጣፋጭ ውኃ ዐሣ ገላው ከውኃው ይልቅ ጨዋማ ስለ ሆነ ውኃው ሳይጠራ ይገባበታል። ስለዚህ አይጠጣም ለማለት ይቻላል፤ ቀጭን ሽንት ግን ያለ ማቋረጥ ይሸናል፥ ጨውንም በስንጥቡ ከውኃው ይለቅማል። የባሕር ዐሣ ተቃራኒው ነው። በውኃ መካከል እየኖረ ገላው ውኃ ይነጠቃል፤ ስለዚህ ባሕሩን ይጠጣና ትርፉን ጨው በስንጥቡ ያወጣል። አንዱን ከሌላው ቦታ ብንለውጠው አብዛኛውን ጊዜ ይሞታል። ሳልሞን የሚባለው ዐሣ ግን ከወንዝ ተወልዶ፥ በባሕር አድጎ፥ ለመራባት ወደ ወንዙ ሲመለስ የስንጥቡን ሥራ ይገለብጠዋል።

ሰው ይህ ችሎታ የለውም። ኩላሊታችን እንደ ባሕር ውኃ የጨመቀ ሽንት ማውጣት ስለማይችል አንድ ሊትር የባሕር ውኃ የጠጣ ሰው ጨውን ለማስወጣት ከአንድ ሊትር በላይ ከገላው ይከፍላል። የጠጣ ሁሉ ይበልጥ ይጠማል።

ይህ ለኛ አገር የመጽሐፍ ነገር ብቻ አይደለም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. የጋናና የሀገያ ዝናብ አምስት ጊዜ በተከታታይ ሲቀር በቦረና ብዙ ከብት አለቀ። በእንዲህ ያለ ጊዜ የኩሬው ውኃ ማነሱ ብቻ ሳይሆን ጣዕሙም ይከፋል፤ ውኃው ሲተን ጨውና ቆሻሻው ወደ ኋላ ይቀራልና። ከብት ጨው ይወድዳል፥ ያስፈልገዋልም፤ ነገር ግን ጨው የላሰ ከብት ጣፋጭ ውኃ ካላገኘ ከድንቹ የተለየ ዕድል የለውም።

ያን ውኃ የሚሰጡት ቱላ የተባሉት ጥልቅ ኤላዎች ናቸው። በዱብሉክ ያሉት ከነዚህ ናቸው። ጎልማሶች ከጉድጓዱ ሥር እስከ አፉ አንዱ ካንዱ በላይ ቆመው እየዘፈኑ ኦኮሌውን ከእጅ ወደ እጅ ያቀብላሉ፤ የላይኛው በገንዳው ይገለብጠዋል። ተራውን አባ ኸሬጋ ይጠብቃል። በበጋ ከብቱ ውኃ የሚያገኘው በየሦስተኛው ቀን ነው።

ዱብሉክና ኤል ሶድ ጎረቤታሞች ናቸው፤ የሚዘንብላቸውም አንድ ሰማይ ነው። ታዲያ አንዱ ጣፋጭ ሌላው ጨው የሆነው ስለ ምንድን ነው? ወደ ኤላው የሰረገው ዝናብ ከመሬት በታች ስለ ሆነ ፀሐይ አታገኘውም፤ አይተንም፥ በዐለቱ ውስጥም ቀስ እያለ ይጓዛል። ወደ ኤል ሶድ የወረደው ግን ከፀሐይ በታች ተዘርግቶ ይተናል። አህያው የሚሸከመው ከዚያ የቀረውን ነው።