መንስኤው ያልታወቀ የፈረስ ሆድ ቁርጠት፦ ሐኪም እስኪደርስ በባለቤቱ የሚደረግ ክትትል

መግቢያ

የሆድ ቁርጠት የምልክት እንጂ የአንድ በሽታ ስም አይደለም። የጋዝ መከማቸት፣ የመኖ መድረቅና መደፈን፣ የአንጀት ጡንቻ መኮማተር፣ የአንጀት ከቦታው መንሸራተት ወይም መጠማዘዝ፣ የውስጥ ጥገኛ ትሎች፣ ሁሉም በፈረሱ ላይ የሚገለጡት በተቀራራቢ ሁኔታ ነው። ፈረሱ መብላት ያቆማል፣ መሬት በኮቴው ይጭራል፣ ወደ ሽንጡ ዞሮ ይመለከታል፣ ይተኛል፣ ይንከባለላል። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ የአሜሪካ ብሔራዊ ጥናት በዓመት ከ100 ፈረሶች 4.2 የቁርጠት ክስተት እንደሚደርስና ከታመሙት 11 በመቶ ያህሉ እንደሚሞቱ አመልክቷል። በመንስኤነት ከሁሉ በላይ የተመዘገበውም «አልታወቀም» የሚለው ነበር።

እንደ ቢሾፍቱና ሻሸመኔ ባሉ ከተሞች ፈረስ በጋሪ ሥራ የቤተሰብን የዕለት ገቢ ይሸከማል። የአንድ ፈረስ ሞት እዚያ የሚያስከትለው ኪሳራ ከእንስሳው ዋጋ ያልፋል። የዚህ ጽሑፍ ነጥብ የሚከተለው ነው፦ ባለቤቱ በቤቱ ሊመልሰው የሚችለው ጥያቄ «ምን ያዘው?» የሚለው ሳይሆን «ሕመሙ ወዴት እያመራ ነው?» የሚለው ነው። ይህን ለመመለስ ደግሞ ሰዓትና ትዕግሥት ይበቃሉ።

«አልታወቀም» የሚለው ፍረጃ ምን ይዟል?

የፈረስ ትልቁ አንጀት ሰፊና ረጅም ሲሆን አብዛኛው ክፍሉ ከሆድ ግድግዳ ጋር ጥብቅ ትስስር የለውም፤ ስለዚህ ጋዝ ሲሞላው ሊንሸራተትና ሊጠማዘዝ ይችላል። በመካከሉም ሰፊው ክፍል በድንገት ጠብቦ የሚታጠፍበት ስፍራ አለ፤ ደረቅ ገለባ የበላና በቂ ውኃ ያልጠጣ ፈረስ መኖው የሚደፈንበት በአብዛኛው እዚህ ነው። በጨጓራው መግቢያ ያለው ጡንቻ እጅግ ጠንካራ በመሆኑ ፈረስ ማስመለስ አይችልም፤ ጨጓራው በፈሳሽ ከተወጠረ መውጫ ስለሌለው ሊፈነዳ ይችላል።

እነዚህን ለውጦች ለይቶ ማረጋገጥ ብዙ ጊዜ የሚቻለው በቀዶ ሕክምና ወይም ከሞት በኋላ በሚደረግ ምርመራ ብቻ ነው። ስለዚህ «አልታወቀም» የሚለው ፍረጃ ስለ ሕመሙ ባሕርይ ከሚናገረው ይልቅ ስለ መመርመሪያው ውስንነት የሚናገረው ይበዛል። በውስጡ በሰዓታት የሚያልፍ ቀላል መኮማተርም ገዳይ መጠማዘዝም ተደባልቀው ይገኛሉ፤ የሚለያዩትም በጊዜ ሂደት ነው።

የሚለካውና የሚመዘገበው

ምልክቱ እንደታየ መኖ ይነሣል፤ ሐኪም ይጠራል። እስኪደርስም በየግማሽ ሰዓቱ የሚከተሉት ይመዘገባሉ።

የልብ ምት፦ ከታችኛው መንጋጋ ሥር ባለው ደም ቅዳ ላይ ጣት በማሳረፍ ይቆጠራል። ያረፈ ጎልማሳ ፈረስ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ይመታል። ፈረሱ ቆሞ እያለ ምቱ ከ60 በላይ ሆኖ ከቀጠለ ሁኔታው አስቸኳይ ነው።

ድድ፦ ጤናማ ድድ እርጥብና ፈዛዛ ሮዝ ነው። በጣት ተጭኖ ሲለቀቅ ቀለሙ በ2 ሰከንድ ውስጥ መመለስ አለበት። መድረቁ፣ መጥቆሩ ወይም ወደ ወይን ጠጅ መለወጡ የደም ዝውውር መዳከምን ያመለክታል።

የአንጀት ድምፅ፦ ጆሮን በግራና በቀኝ ሽንጥ ላይ አስጠግቶ ማዳመጥ ይቻላል። የሁለቱም ጎኖች ፍጹም ጸጥታ አሳሳቢ ነው።

ፋንድያ፦ የመጨረሻው የወጣበት ሰዓት፣ መጠኑና ድርቀቱ ይጻፋል።

የአንድ ጊዜ ልኬት ብቻውን ብዙ አይናገርም። ምቱ 52 የሆነ ፈረስ ከግማሽ ሰዓት በፊት 60 ከነበረ እየተሻለው ሊሆን ይችላል፤ 44 ከነበረ ግን እየባሰበት ነው። ቁጥሩ አንድ ሲሆን ውሳኔው የተለያየ የሚሆነው ስለዚህ ነው።

አሳሳቹ ጸጥታ

በቤት ክትትል ውስጥ ከሁሉ የከፋው ስሕተት የሕመም ምልክት መጥፋትን እንደ መዳን መቁጠር ነው። ሲንከባለል የቆየ ፈረስ በድንገት ጸጥ ካለ፣ የልብ ምቱ ግን ከፍ እንዳለ ከቀጠለ፣ ድዱ ከጠቆረና ላቡ ከቀዘቀዘ፣ ጨጓራው ወይም አንጀቱ ፈንድቶ ወይም የአንጀቱ ክፍል ሞቶ ሊሆን ይችላል። መዳን የሚባለው ምቱ ሲወርድ፣ የአንጀት ድምፅ ሲመለስ፣ ፋንድያ ሲወጣና የመብላት ፍላጎት ሲታይ፣ እነዚህም አብረው ሲገኙ ነው።

ከጥቅማቸው ጉዳታቸው የሚያመዝን እርዳታዎች

ዘይት፣ አረቄ ወይም ጨው የተበጠበጠበት ውኃ በጠርሙስ መጋት ፈሳሹን ወደ ሳንባ አስገብቶ የሳንባ ምች ያመጣል፤ በተወጠረ ጨጓራ ላይም ጫና ይጨምራል። ሐኪም ዘይትም ሆነ ውኃ የሚሰጠው በአፍንጫ እስከ ጨጓራ በሚዘልቅ ቱቦ፣ በቅድሚያ ጨጓራው አለመወጠሩን አረጋግጦ ነው። ሐኪም ሳያማክሩ የሕመም ማስታገሻ መውጋትም ምልክቶቹን ስለሚሸፍን ክትትሉን ያዛባል። ፈረሱን ለጥቂት ደቂቃዎች በዝግታ ማራመድ ይቻላል፤ ማስጋለብ ግን የቀረውን አቅሙን ያሟጥጣል። በኃይል የሚንከባለለውን ፈረስ ለመያዝ መታገል ሰውን ለጉዳት ይዳርጋል፤ ወደ ሰፊና ለስላሳ መሬት ማውጣቱ ይመረጣል።

ቀዶ ሕክምና ከብዙ ባለጋሪዎች አቅም በላይ ቢሆንም፣ ቶሎ የመጣ ሐኪም የተወጠረን ጨጓራ ሊያስተነፍስ፣ የደረቀን መኖ በፈሳሽ ሊያላላ፣ ስቃይን ሊያስታግስ ይችላል። ተስፋ ሲያልቅም እንስሳው ያለ ስቃይ እንዲያርፍ ማድረግ የሙያው ግዴታ ነው።

ከዳነ በኋላ

ፈረሱ ሲያገግም መኖ በጥቂት በጥቂቱ ይጀመርለታል፤ ከዚያም ያለፉት 14 ቀናት ይመረመራሉ። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ የቴክሳስ ጥናት በእነዚህ ሁለት ሳምንታት ውስጥ የተደረገ የመኖ ለውጥን ከቁርጠት ጋር አያይዞታል። የፉርሽካ መጠን ጨምሮ ነበር? ውኃ የሚያገኘው ስንት ጊዜ ነው? ጥርሱ ስሎ ማኘክ አስቸግሮታል? የትል መድኃኒት የወሰደው መቼ ነው? ከመንገድ ዳር ፌስታል ወይም የገመድ ቁራጭ ይለቃቅማል? ፋንድያው በውኃ ሲበጠበጥ አሸዋ ይዘቅጣል?

ማጠቃለያ

ይህ መዝገብ ለተመራማሪም ጥቅም አለው። በክሊኒክ የሚመዘገቡት በአብዛኛው የባሰባቸው ፈረሶች ናቸው፤ በቤታቸው የዳኑት ከቁጥር ይወድቃሉ። በዚህም የሞት መጠን ከእውነታው በላይ ጎልቶ፣ የክስተቱ ብዛት ደግሞ አንሶ ይታያል። በጋሪ ፈረሶች ላይ የምርምር ንድፍ የሚያዘጋጅ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ሥራውን ከክሊኒኩ ደጃፍ ሳይሆን ከባለጋሪው ግቢ ቢጀምር፣ «አልታወቀም» ተብሎ ከሚታለፈው ውስጥ መከላከል የሚቻለውን ለይቶ ማውጣት ይችላል። ባለቤቱም መንስኤውን ባያውቅ እንኳ፣ ሐኪም የሚጠራበትን ሰዓት እንዳያሳልፍ የሚያደርገው በእጁ ያለው ይህ የግማሽ ሰዓት መዝገብ ነው።