ሰውነትን በሕይወት የሚያቆየው ውሃ

የሰው ሰውነት ሥራው ሳይቋረጥ እንዲኖር ከሚያስፈልጉት ነገሮች ዋናዎቹ አየር፥ ውሃና ምግብ ናቸው። ሰው አየር ቢያጣ በጥቂት ደቂቃ ይሞታል፤ ውሃ ቢያጣ በጥቂት ቀን ይሞታል፤ ምግብ ቢያጣ ግን ውሃ እየጠጣ ሳምንታት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ውሃ ከእንጀራ ይቀድማል ማለት ነው።

ካዋቂ ሰው ክብደት ከመቶ 60 እጅ ያህሉ ውሃ ነው፤ አዲስ በተወለደ ሕፃን ደግሞ 75 እጅ ያህል ይደርሳል። ደምም አብዛኛው ውሃ ነው። ውሃው ሲጎድል ደም ያንሳል፤ ልብ እየፈጠነ ቢመታም ለአንጎልና ለኩላሊት የሚበቃ ደም አይደርስም። ተቅማጥ ሕፃናትን በብዛት የሚገድለው እንዲህ ውሃና ጨው እያሟጠጠ ነው።

በእብናትም ሆነ በሌላው ገጠር «ውሃ ሲጠጣ ይብስበታል» ብሎ ልጁን የሚያስጠማ፥ እንጥል የሚያስቆርጥም ሰው አይጠፋም። ይህ ልጁን ይጎዳዋል። የሚያፈስ እንስራ ውሃ ካልተጨመረበት ባዶውን ይቀራል፤ የልጅም ሰውነት እንዲሁ ነው።

በ1963 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1971) ከባንግላዴሽ ጦርነት ሸሽተው ሕንድ በገቡ ስደተኞች ላይ ኮሌራ ተነሣ። ሐኪሙ ዲሊፕ ማሃላናቢስ በመርፌ የሚሰጠው ፈሳሽ ቢያልቅባቸው ስኳርና ጨው በውሃ እያስበጠበጡ አጠጡ። ከ100 ሕመምተኞች 30 ያህል ይሞቱ የነበሩት ከ4 በታች ሆኑ። ምክንያቱም ስኳር በአንጀት ግድግዳ ሲያልፍ ጨውን ይዞ ይገባል፤ ውሃም ጨውን ይከተላል።

እንግዲህ ልጅ ሲያስቀምጠው እንዲህ ይደረግ፦

1ኛ/ እጅን በሳሙና፥ ከሌለም በአመድ መታጠብ።

2ኛ/ ፈልቶ በቀዘቀዘ 1 ሊትር ውሃ ከጤና ኬላ የሚሰጠውን 1 ፓኬት ሕይወት አድን ንጥረ ነገር (ኦ.አር.ኤስ.) መበጥበጥ። እርሱ ከጠፋ በ1 ሊትር ውሃ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ማሟሟት። ጨው ሲበዛ አደጋ አለውና ቀምሶ ከእንባ ይልቅ ጨው ጨው ካለ መድፋት ነው።

3ኛ/ ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ ባስቀመጠው ቁጥር ከሩብ እስከ ግማሽ ብርጭቆ፥ ለትልቁ ከዚያ በላይ፥ ቀስ እያሉ መስጠት። ቢያስታውከው 10 ደቂቃ ቆይቶ እንደገና በማንኪያ መቀጠል።

4ኛ/ ጡትም ምግብም አለማቋረጥ። ብጥብጡ 24 ሰዓት ካለፈው መድፋት።

የልጁ ዓይን ከጎደጎደ፥ እርግብግቢቱ ከሰረጎደ፥ የሆዱ ቆዳ ተቆንጥጦ ሲለቀቅ ቶሎ ካልተመለሰ፥ መጠጣት ካቃተው ወይም በሰገራው ደም ከታየ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። መንገዱ ሩቅ ነውና መጠጣት እስከቻለ ድረስ እየሄዱም ማጠጣቱን አይተዉ።