የዓርብ ሩብ ሰዓት



እንደሚታወቀው የትምህርት ዕቅድ አወጣጥ በዚህ ተቋም በሚገባ እንማራለን። ዓላማው፣ ይዘቱ፣ የመምህሩ ተግባር፣ የተማሪው ተግባር፣ መርጃ መሣሪያው፣ ሁሉም በየሣጥኑ ይሞላል። ከታች በኩል «ግምገማ» የምትል አንዲት ጠባብ ቦታ አለች። እውነቱን እንናገርና አብዛኞቻችን እዚያች ላይ «ትምህርቱ በጥሩ ሁኔታ ተሰጥቷል» ብለን እንዘጋለን። አንዳንዶቻችንማ ገና ክፍል ሳንገባ ጽፈናት እንሄዳለን! ይህ ጽሑፍ ስለዚያች ጠባብ ቦታ ነው።

ለማስተማር ልምምድ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ በሚገኝ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ሦስት ሆነን ተመደብን። የሦስተኛ ክፍል ሒሳብ ደረሰን፤ 61 ልጆች። አንዳችን ስናስተምር ሁለታችን ከኋላ ተቀምጠን እንመለከታለን። በየዓርቡ ልጆቹ ከወጡ በኋላ ሩብ ሰዓት ብቻ ተቀምጠን ያለፈውን ሳምንት መለስ ብለን እንይ ተባባልን። ግምገማ ሲባል ሰው የሚመስለው ሁለት ሰዓት የሚፈጅና አንዱ ሌላውን የሚወቅስበት ስብሰባ ነው። እኛም ያንን ፈርተን ስሙን «የዓርብ ቆጠራ» አልነው።

ለምን ዓርብ? ቅዳሜና እሑድ ካለፉ ነገሩ ከሐሳብ ይወጣላ። ኸርማን ኤቢንግሃውስ የተባለ ጀርመናዊ ትርጉም የሌላቸውን ድምፆች በቃሉ እያጠና፣ ምን ያህሉ እንደሚጠፋበት በራሱ ላይ እየለካ፣ ውጤቱን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1885 አሳተመ። ያጠናው ነገር በብዛት የጠፋው በመጀመሪያው ቀን ውስጥ ነበር፤ ከዚያ በኋላ መርሳቱ እየቀዘቀዘ ሄደ። የእኛ አገር የቅኔ ተማሪ ከመምህሩ የሰማውን ከጓደኞቹ ጋር ደጋግሞ የሚቀጽለው ያለ ምክንያት አይደለም። ይህ ታዲያ ለተማሪ ብቻ የሚሠራ እንዳይመስለን። ማክሰኞ በአራተኛው ክፍለ ጊዜ ልጆቹ ለምን ግራ እንደተጋቡ በወሩ መጨረሻ የትኛው መምህር ያስታውሳል?

አሠራራችን እንዲህ ነበር። ሰኞ የቆየውን እንከልሳለን፣ ማክሰኞ አዲስ ትምህርት እንሰጣለን። ልጆቹ ማክሰኞውኑ በቁራጭ ወረቀት ሦስት ጥያቄ ይሠራሉ፤ ወረቀቱን እስከ ዓርብ እናስቀምጣለን። በመጀመሪያው ዓርብ ወረቀቶቹን ዘርግተን ስናይ «52 ሲቀነስ 27» ለሚለው ጥያቄ ብዙዎቹ 35 ብለው መልሰዋል። መጀመሪያ ቸልታ መሰለን። ኋላ አስተውለን ስናየው ከ7 ላይ 2 ቀንሰው 5፣ ከ5 ላይ 2 ቀንሰው 3 አግኝተዋል። ማለትም ላይ ይሁን ታች ሳይሉ ትንሹን ከትልቁ ይቀንሳሉ። ልጆቹ አልሰነፉም፤ የራሳቸውን ሕግ በትክክል እየተከተሉ ነው! ሰኞ በአሥር በአሥር የታሰሩ እንጨቶች ይዘን ገባን። አንዱን እስር ፈትተን ወደ አንዶቹ ጨመርንና 12 ላይ 7 አስቀነስናቸው። በሁለተኛው ዓርብ ወረቀቶቹ ደስ የሚሉ ነበሩ። እኛም ኮራን።

በሦስተኛው ሳምንት አጭር ፈተና ሰጠን። 14 ልጆች አንድም አላገኙም። እንዴት ይሆናል? ወረቀቶቹ ጥሩ ነበሩ እኮ! አንዳችን የስም መጥሪያውን አመጣ። የቀሪ ምልክቱ ከሰኞ እስከ ዓርብ የተበተነ ሳይሆን ማክሰኞ ላይ ተደርድሯል። የዚያ ቀበሌ ገበያ ማክሰኞ ነው። ወላጅ በርበሬውን ወይም በቆሎውን ይዞ ገበያ ሲወጣ ልጅ ከብት ይጠብቃል፣ ቤት ይጠብቃል። እኛ ደግሞ ሳምንቱን በሙሉ ከባዱን ትምህርት የምንሰጠው በዚያው ቀን ነው። በሁለት ዓርብ ስናያቸው የነበሩት ወረቀቶች የመጡት ልጆች ወረቀቶች ናቸው፤ የቀረ ልጅ ወረቀት የለውም።

የገጠር ልጆች ሆነን ይህን መሳታችን አሳፍሮናል። እረኛ ማታ ከብቱን በረት ሲያስገባ የሚቆጥረው የጎደለችውን ለማወቅ ነው እንጂ የገቡትን ለማድነቅ አይደለም። ከእኛ በፊት የነበሩትም ይህን ያውቁ ነበር። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፈተናውን ያላለፉ ጎልማሶች እንደገና የሚማሩበት ጊዜ ተይዞላቸው ነበር። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተከታታይ ምዘና ሲል ውጤት እየደመሩ መዝገብ መሙላት ብቻ አድርገን የተረዳነው እኛ ነን።

ከዚያ ወዲህ ቆጠራው የሚጀመረው ከስም መጥሪያው ሆነ። ማን ቀረ? በየትኛው ቀን? ምን አመለጠው? ይህ አምስት ደቂቃ ይበቃዋል። ቀጥሎ ወረቀቱን እናያለን፤ ጎበዞቹን መርጠን ሳይሆን ከየረድፉ ጥቂት ጥቂት። በመጨረሻ ለሰኞ የሚሠራ አንድ ነገር ብቻ እንጽፋለን። አንድ ጊዜ ሰባት ነገር ጽፈን አንዱንም አልሠራነውም። ርእሰ መምህሩን አስፈቅደንም አዲሱን ትምህርት ወደ ረቡዕ አዛወርን፤ ማክሰኞ የመለማመጃ ቀን ሆነ። ከ14ቱ ዘጠኙ በቀጣዩ ፈተና መቀነሱን ሠሩት።

አንዲት ልጅ ግን ማክሰኞ ብቻ ሳይሆን ሐሙስም ትቀር ጀመር። ቤቷ ድረስ ሄድን። እናቷ ጠላ ቀድተው አስተናገዱንና፣ «ልጆቼ፣ እኔ ገበያ ስውል ሕፃኑን እሷ ካልያዘችልኝ ማን ይይዝልኛል?» አሉን። መልስ አልነበረንም። የጎረቤት ልጅ የዕለቱን ጥያቄ በወረቀት እንዲያደርስላት ተስማማን። ሁለት ጊዜ ሠርታ ላከች፤ በሦስተኛው ወረቀቱ ባዶውን ተመለሰ። ልምምዳችን ሲያልቅ ደብተሩን ለክፍሉ መምህር አስረከብን። በመጨረሻው ዓርብ ገጽ ላይ፣ ለሰኞ ከሚለው አጠገብ፣ የተጻፈው የእሷ ስም ነው።